የአቦ ዕለት የታጨደ ስንዴ

ቄስ ይሻውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ቁጣቸውን ነው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ለማኝ ከደጃቸው ባዶ እጁን አይመለስም፤ የተጣላ ለማስታረቅ ሲጠሩ እህል ሳይቀምሱ ተነሥተው ይሄዳሉ። የሚያናድዳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጽሐፍ ያላለውን ነገር «መጽሐፍ ይላል» ብሎ የሚያወራ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በዋንዛ ሜዳ ሞልቷል።

ዋንዛ ሜዳ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ከጋፋት በስተጀርባ ባለው ሸንተረር ላይ ያለች የገበሬ መንደር ናት። ቄስ ይሻው የተወለዱትም፣ የሚያርሱትም፣ የሚቀድሱትም እዚያው ነው። በተማሪነታቸው ይፋግ ድረስ ዞረው ፊደልም ዳዊትም ተምረዋል፤ ቅኔ ጀምረው አልዘለቁበትም። ድምፃቸው ሻካራ ስለሆነ ለማኅሌት ማንም አይመርጣቸውም። አንድ ልማድ ግን ነበራቸው። በሬ ፈተው ቤት ሲገቡ እግራቸውን ይታጠቡና በር ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው ዐማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጮክ ብለው ያነባሉ። ለማንም ብለው አይደለም። በዓይናቸው ብቻ ሲያነቡ ሐሳባቸው ወደ በሬውና ወደ ማሳው ይሸሽባቸዋል፤ ጆሯቸው ሲሰማ ግን ይረጋል።

ንባቡ ሰላም አልሰጣቸውም። ያነበቡት ከሚሰሙት ጋር አልገጥም እያላቸው ሲበግኑ ኖሩ። አንዱ ይመጣና «አባ፣ ጸበል የጠጣ ሰው ኪኒን ከዋጠ ጸበሉ ይሸሻል አሉ፤ እውነት ነው?» ይላቸዋል።

«ማን አለ?»

«ይባላል።»

«የት ተጽፎ?»

«መጽሐፍ ላይ ነዋ!»

ሌላው ጾም ሳይፈታ ዓመቱን ጨርሶ፣ የወንድሙን ድንበር በየክረምቱ አንዳንድ ፈር እየገፋ ያርሳል። ስለ ድንበሩ ሲጠይቁት «አባ፣ እኔ እኮ በጾም ዓሣ እንኳ ቀምሼ አላውቅም» ይላቸዋል። አንዷ ደግሞ የታመመ ልጇን ማን ዓይን እንዳሳረፈበት ለማወቅ ጠንቋይ ዘንድ ሄዳ ስትመለስ መንገድ ላይ ታገኛቸውና፣ ቅዳሜ እህል መውቀጥ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ትጠይቃቸዋለች። እንዲህ ባለ ቀን ቄስ ይሻው ቤታቸው ገብተው ጋቢያቸውን ከመደቡ ላይ ይወረውሩታል። ባለቤታቸው ጥሩወርቅ አንሥታ እያጠፈች «አንቱ ደግሞ አገሩን ሁሉ ሊያርሙ ነው?» ትላቸዋለች። ይህም ያናድዳቸዋል።

ከሁሉ የባሰባቸው ግን የግዝት ቀን ነገር ነበር። እሑድንና ታላላቆቹን በዓላት፣ የሚካኤልንና የእመቤታችንን ቀን ማክበር የአባቶች ሥርዓት ነው፤ በዚህ ነገር የላቸውም። ነገሩ የተበላሸው መከራ በመጣ ቁጥር አንድ ቀን ሲጨመር ነው። በረዶ የመታ ዓመት የአቦን ዕለት የሻረ ሰው አለ ተባለና በየወሩ አምስተኛው ቀን ተገዘተ። ከብት በበሽታ ያለቀ ዓመት ሌላ ቀን ተከተለ። ዝናብ የዘገየ ዓመት ሌላ። መከራው ያልፋል፣ ቀኑ ይቀራል። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ በላይነህ ከቅዳሴ በኋላ ብድግ ይሉና «በዚህ ዕለት ሞፈር ያነሣ፣ ማጭድ የጨበጠ የተገዘተ ይሁን!» ይላሉ፤ ሕዝቡ «ይሁን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያን ዕለት የሠራ ሰው በአጥቢያው ሁሉ ላይ መዓት ያወርዳል ተብሎ ይታመናል።

አለቃ በላይነህ እንደ ቄስ ይሻው ያሉ ሻካራ ሰው አይደሉም። ዜማውንም ቅኔውንም ጠንቅቀው የተማሩ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ሲወጣ ሽማግሌ የሚያስለቅስ ካህን ናቸው። ሕዝቡ ይወዳቸዋል፤ ይፈራቸዋልም።

በዚያ ዓመት ስንዴው ከወትሮው ያማረ ነበር። ኅዳር ሲገባ ዛላው ከብዶት አንገቱን ደፍቶ ማጭድ ይጠብቅ ጀመር። እቴነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከቤቷ ጓሮ ያለችውን ጠባብ ማሳዋን ብቻዋን እያጨደች አጋምሳ ነበር። እቴነሽ ዕድሜዋ ከአርባ የዘለለ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አንድ ልጇ ሶስና ሐሙሲት በምትባል ከተማ አግብታ ትኖራለች። በአቦ ዕለት ማለዳ ያቺ ልጅ በስልክ ደወለች።

«እማ፣ እዚህ ትናንት የወረደው ዝናብ ያጨድነውን ሁሉ ጭቃ ላይ አስተኛው። ወደ እናንተ እየመጣ ነው ይላሉ። ስንዴሽን አንሺ።»

እቴነሽ ወጥታ ሰማዩን አየች። በጣና በኩል ጠቁሯል። ማጭዷን ያዘች።

ሲያልፍ ያያት ጎረቤቷ ደምሴ ነበር። ደምሴ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር፣ ብርቱ ገበሬና የብዙ ልጆች አባት ነው። አጥሩ ላይ ቆሞ «እቴነሽ! ዛሬ አቦ አይደለም እንዴ?» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ደመናውን እየው።» ቀና አላለችም። ደምሴ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እስኪመሽ ድረስ አጭዳ፣ ነዶውን ሰብስባ ከመረች፤ ክምሩንም በሣር ከደነችው። ያን ዕለት ዝናብ አልመጣም። በማግሥቱም ሰማዩ ጠራ፤ ሰዎች በአጥሯ ሲያልፉ እየተጠቃቀሱ ሳቁባት።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ሰማዩ በድንገት ተዘጋና በረዶ ወረደ። የወረደው ለአፍታ ነበር። ሲያባራ የዋንዛ ሜዳ ስንዴ በእግር እንደተረገጠ ሣር ተኝቶ፣ ፍሬው ጭቃ ላይ ተበትኖ ተገኘ። የደምሴ ማሳ ገለባ ብቻ ቀረው። የቤተ ክርስቲያኑም መሬት፣ የአለቃ በላይነህም ገብስ፣ የቄስ ይሻውም ስንዴ እኩሌታው ሄደ። የእቴነሽ ክምር ግን በጓሮዋ እንደቆመ ነበር።

ጥፋቱን ያመጣው ማን እንደሆነ ለማወቅ የዋንዛ ሜዳ ሰው አንድ ቀን አልፈጀበትም።

በማግሥቱ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ፣ ማለት በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ባለው ቤት፣ ተሰበሰቡ። ቄስ ይሻው ሲገቡ ከፊታቸው ንዴት ይነበብ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ደምሴ ነው።

«አባቶቼ፣ እኔ ብዙ አልልም። ማሳዬን ሄዳችሁ እዩልኝ። ልጆቼ የሚበሉት እዚያ ላይ ነበር። ያጨደችው እሷ፣ የተቀጣሁት እኔ!»

«ደምሴ» አሉ ቄስ ይሻው፤ «እስቲ ያልከውን ራስህ ስማው። ያጨደችው እሷ፣ የተቀጣኸው አንተ። እግዚአብሔር ማሳ ተሳሳተ?»

ከጥግ አንድ ሽማግሌ ሊስቁ ብለው የአለቃውን ፊት አዩና ሳላቸው የመጣ አስመሰሉት።

አለቃ በላይነህ በእርጋታ ተናገሩ። «ቄስ ይሻው፣ በአንድ ሰው በደል ሕዝብ ሲመታ አላነበቡም? አካን እርም የሆነውን በሸሸገ ጊዜ እስራኤል በሙሉ ከጠላቱ ፊት አልሸሸም?»

«አንብቤያለሁ። አካን የሰረቀውን በድንኳኑ የቀበረ ሰው ነው። እቴነሽ ምን ሰረቀች? የራሷን ስንዴ? ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይጠየቅም፣ የበደለችው ነፍስ እሷው ትሞታለች ብሎ በነቢዩ የተናገረስ እሱ አይደለም? ደቀ መዛሙርቱ በእርሻ መካከል ሲያልፉ እሸት ቀጥፈው በበሉ ጊዜ ጌታ ከማን ጋር ቆመ? ከከሳሾቹ ጋር ነው? እሱም እኮ በሰንበት ነው! ሰንበት ለሰው ተሠራ ያለው ያን ጊዜ ነው። እኛ ዛሬ እዚህ ተሰብስበን ሴት የምንከስሰው ከሦስት ዓመት ወዲህ ራሳችን በጨመርነው ቀን!»

«ቀኑ የጻድቁ ነው» አለ አንዱ።

«ጻድቁን እኔም እወዳቸዋለሁ! ስማቸውን ጠርቼ ነው ያደግሁት። የመበለት ስንዴ ሲበሰብስ ደስ የሚላቸው አስመስላችሁ ስማቸውን አታጉድፉ ነው የምለው። ጳውሎስ እኮ የገላትያን ሰዎች ቀንና ወር ትቆጥራላችሁ ብሎ…»

አላስጨረሷቸውም። «ይሄ የተሐድሶ ነገር ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ቄስ ይሻው ዞር አሉ። «ማነህ? ተነሥና ተናገር። ጳውሎስ ነው ተሐድሶው? በየቅዳሴው መልእክቱ ሲነበብ ቆመህ የምትሰማው ጳውሎስ?»

ማንም አልተነሣም። በዚያ አገር አንድን ካህን ከዚህ በላይ የሚያቆስለው ስድብ የለም። ቄስ ይሻው ተናጋሪውን በዓይናቸው ሲፈልጉ ነገሩ ተቆረጠ። በመጪው የኅዳር ሚካኤል፣ አገር በሚሰበሰብበት ክብረ በዓል፣ እቴነሽ በአንገቷ ድንጋይ ተሸክማ ቀርባ ሕዝቡን ይቅርታ ትጠይቅ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ሰላም አይበላት፣ ለውቂያም አያግዛት ተባለ።

ሰዉ ሲበተን ቄስ ይሻው አለቃውን ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር አገኟቸው።

«አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት። በውኑ ይሄን በረዶ እቴነሽ አመጣችው ብለው ያምናሉ?»

አለቃ በላይነህ ወዲያ ወዲህ አዩ። «ቄስ ይሻው፣ ያነበቡትን እኔም አንብቤዋለሁ። ግን ይሄን ሕዝብ ይዩት። እህሉ ጠፍቶበታል። ከማን ጋር ይጣላ? ከሰማይ ጋር? አንዲት ሴት ለአንድ ጠዋት ድንጋይ ብትሸከም ቁጣው ይወጣለታል። ከዚያ ይቅር ብለናታል እንላለን፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። አንቱ ሙግት ከገጠሙ ግን ቁጣው ይከርማል፤ የምትጎዳውም እሷው ናት።»

«ታዲያ እኛ እረኞች ነን? ወይስ ተኩላ በመጣ ቁጥር አንዲት በግ እየመረጥን የምንወረውር ነን?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።»

«ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ይጭናሉ፣ በጣታቸው እንኳ አይነኩትም የተባለው ስለ ማን ነው? ስለ እኛ አይደለም?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ አልኩ!» አሉ አለቃው። ጽዱ ሥር ጥለዋቸው ሄዱ።

ቄስ ይሻው ከዚያ በቀጥታ ወደ እቴነሽ ቤት ወረዱ። የንስሐ አባቷ ናቸው፤ ባሏንም የቀበሩ እሳቸው ናቸው። ከደጃፏ ተቀምጣ የተቀደደ ስልቻ ስትሰፋ አገኟት። ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳለመች። መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስሉት የመጡትን ነገሯት፤ ድንጋይ እንዳትሸከም፣ ከቤቷም እንዳትወጣ፣ እሳቸው እንደሚሟገቱላት። እቴነሽ መርፌዋን ስልቻው ላይ ሰክታ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«እሸከመዋለሁ፣ አባ» አለች።

«ምን?»

«ድንጋዩን። እሸከመዋለሁ።»

«ልጄ፣ የበደልሽው የለም እያልኩሽ ነው!»

«ሰምቻለሁ። አንቱ መጽሐፉን አጥፈው ቤትዎ ይገባሉ። እኔ ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው። ዛሬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ሄዱ። ያ ነው የከበደኝ። ድንጋይ ምን አላት? አንድ ጠዋት ናት። ስንዴው እንደሆን ብቻዬን አይወቃልኝም።»

ቄስ ይሻው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት» አለች፤ «በረዶው ሲጀምር እኔም ደንግጫለሁ። እኔ እሆን እንዴ ብያለሁ። አሁንም አላወቅሁም። ቀኖና ይስጡኝ።»

ይሄኔ ትዕግሥታቸው አለቀ። «አንቺም? ለአንቺ ስል ነው እኮ ስሜ በአደባባይ የተነሣው! በየትኛው ኃጢአትሽ ነው ቀኖና የምሰጥሽ? ሳይበሰብስ በማጨድሽ?»

«ይስጡኝ ብቻ።»

«እሺ! አንድ ጊዜ አባታችን ሆይ በይ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው! ከዚህ አላስበልጥም። አሁን እዚሁ በይው።»

እቴነሽ ተንበርክካ አደረሰች። ቄስ ይሻው መስቀላቸውን ከራሷ ላይ አኑረው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏትና፣ ደህና ዋዪ ሳይሉ እየተነጫነጩ ወጡ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ በነጭ ልብስ ተሞላ። ከደብረ ታቦርም ከጋፋትም የመጣ ሰው ነበር። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዑደቱ ተደርጎ፣ በእልልታ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ አለቃ በላይነህ ከደረጃው ላይ ቆሙና ሕዝቡን ጸጥ አሰኙ። ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እቴነሽ ገባች። ከማሳዋ ዳርቻ ያነሣችውን ድንጋይ ማጅራቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ቀለል ያለ ልትመርጥ ትችል ነበር፤ አልመረጠችም። አንገቷ ተቀብሮ የምታየው የራሷን እግር ብቻ ነው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

ቄስ ይሻው ያን ጠዋት ዝም ሊሉ ለጥሩወርቅ ቃል ገብተው ነበር የመጡት። ከካህናቱ መካከል ቆመው ሲያዩአት፣ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት «ይበላት!» ስትል ሰሙ። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አውቀዋታል፤ የጠንቋዩን ቤት ደጅ የምታዘወትረው ናት። ከዚያ በኋላ ቃላቸውን መጠበቅ አልቻሉም። ከደረጃው ወርደው ከእቴነሽ ፊት ቆሙና ድንጋዩን ያዙ።

«ልቀቂው» አሏት።

«ተዉኝ አባ፣ ልጨርሰው» አለች በሹክሹክታ።

«ልቀቂ አልኩሽ!»

ለቀቀችው። ድንጋዩ ከገመቱት በላይ ከብዷቸው ወገባቸው ተንቋቋ፤ እግራቸው ላይ ሊጥሉት ለጥቂት ነው የተረፉት። መሬት ላይ አስቀምጠው ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቷል።

«ይቺ ሴት የንስሐ ልጄ ናት» አሉ በዚያ ሻካራ ድምፃቸው። «ኃጢአት ካላት የሚሰማት ካህን ነው፤ ቀኖናም የሚሰጣት ካህን ነው። የሚሰጣትም በምስጢር እንጂ በገበያ አይደለም። ሥርዓቱ ይሄ ነው። ቀኖናዋን ሰጥቻት ጨርሳለች፤ ፈትቻታለሁ። ከዚህ ወዲያ የሚጠይቃት ካለ እኔን ይጠይቅ።»

ጉምጉምታው ከዳር ዳር ተነሣ። ቄስ ይሻው ግን ከጀመሩ መመለስ አይሆንላቸውም። «ጌታ ስለዚህ ነገር ተናግሯል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ሰዎች ገደለ። ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የበለጠ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ይመስላችኋል ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰው፤ አይደለም አለ! እናንተም ንስሐ ግቡ አለ። የወደቀባቸውን አልከሰሰም፣ ያመጣባቸውንም ፈልጉ አላለም። ይሄ በወንጌል ተጽፏል። እዚህ መቅደስ ውስጥ ባለው ወንጌል!»

ደምሴ ሰዉን ገፍቶ ወደ ፊት ወጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስል ነበር። «እሺ አባ! እሷ ካልሆነች ማን አመጣው? ልጆቼ ምን ይብሉ? ማን አመጣው?»

ቄስ ይሻው ደምሴን ፊት ለፊት አዩት።

«አላውቅም» አሉ።

ካህን በአደባባይ አላውቅም ሲል ያ ሕዝብ ሰምቶ አያውቅም። «አላውቅም፣ ደምሴ። አለቃም አያውቁም። የእኔም ስንዴ ሄዷል። የማውቀው እሷ እንዳላመጣችው ነው።»

አለቃ በላይነህ ብልህ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ወዴት እንደሚያጋድል ያልለየበትን ያችን አፍታ አላሳለፏትም። በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «እንግዲህ የንስሐ አባቷ ከፈቷት እኛም ፈትተናታል፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ!» አሉና ወዲያው ምስጋና አስጀመሩ። ነገሩ ሁሉ ቀድሞ የታሰበበት መሰለ።

ቄስ ይሻው ያሸነፉ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ሳምንት ሳይሞላ በደብሩ ውስጥ እንዳያስተምሩ ተነገራቸው፤ ይቀድሱ ዘንድ ተፈቅዶላቸዋል፣ ከቅዳሴ በኋላ ግን አፋቸውን እንዳይከፍቱ። ከንስሐ ልጆቻቸው አንዳንዶቹ አባት ቀየሩ። ከነዚያ አንዱ የገዛ ሚስታቸው ወንድም ነበር፤ ጥሩወርቅ ስትሰማ አለቀሰች። «ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ» አለቻቸው። በእርግጥም ገብተው ነበር።

የእቴነሽ ክምርም ማንም ሳይነካው ከረመ። ተፈትታለች ተባለ እንጂ ሊያግዛት የመጣ የለም። ቄስ ይሻው የራሳቸውን ጥንድ በሬ ነድተው አውድማዋ ላይ ወረዱ። ሁለት ሰው ሦስት ሰው የማይበቃውን ሥራ ለሁለት ሆነው ሲያበራዩ ሰዉ በአጥሩ ያልፋል፣ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ይሄዳል። በየመንገደኛው ሲበሳጩ በሬዎቹ ላይ ይጮሁ ነበር፤ እቴነሽ «በሬዎቹ ምን አደረጉ?» ስትላቸው ዝም ይሉና ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጮሃሉ።

በሁለተኛው ቀን ደምሴ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ሰላም ብሎ በሬዎቹን ከቄሱ በሬዎች ጋር አቆራኘና ምንም ሳይናገር ይዞር ጀመር። ቄስ ይሻው ልባቸው ሞቀ፤ እንግዲህ ቃሉ ገብቶታል አሉ። ለምሳ ሲቀመጡ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እቴነሽ፣ በዚህ አገር ዘር የሚሆን ስንዴ የተረፈው አንቺ ዘንድ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ውቂያ ነው ለይቼ ያስቀመጥኩልህ።»

ደምሴ አጎነበሰ። ቄስ ይሻው ግን ጉርሻቸውን ወደ ገበታው መለሱ። «ለዘሩ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«ለዘሩም ነው፣ አባ» አለ ደምሴ። ቀና ብሎም ጨመረ፤ «ለዘሩ ብቻ ቢሆን ማታ መጥቼ እጠይቃት ነበር። በቀን በሬ እየነዳሁ፣ አገር እያየኝ አልመጣም ነበር።»

ደምሴ በመጣ በማግሥቱ ሌሎችም መጡ። ሴቶቹም ከእቴነሽ ጋር ውሃ መውረድ ጀመሩ። ስለ ድንጋዩ ያነሣ ሰው የለም፤ ይቅርታ የጠየቃትም የለም። እሷም አልጠበቀችም። የጠበቁት ቄስ ይሻው ነበሩ፤ ወራት ጠበቁ፣ ተዉት።

ዓመቱ ዞረ። የአቦ ቀን እንደተገዘተ ነው። ግዝቱን ያነሣው የለም፤ አለቃ በላይነህም ስለሱ አልተናገሩም፤ ቄስ ይሻውም ማስተማር አልተፈቀደላቸውም። በዚያው ኅዳር፣ ስንዴው እንደደረሰ፣ በተገዘተ ቀን ማለዳ ሰማዩ በጣና በኩል ጠቆረ። ቄስ ይሻው ከመደባቸው ተቀምጠው ሳሉ ሰዎች በደጃቸው ተሰበሰቡ። ከፊት ያለው ደምሴ ነው።

«አባ፣ ይፍቱን» አለ።

«ከምን?»

«ከግዝቱ። ስንዴያችንን እናንሣ። የእቴነሽን ፈትተውላት ምንም አልሆነችም።»

ቄስ ይሻው መጽሐፋቸውን አጠፉ። «ማነው ያሰራችሁ? እኔ አስሬያችኋለሁ? ዓመት ሙሉ ምን ሰማችሁ? ቀኑ በረዶ አያመጣም ብያችሁ ነበር እንጂ እኔ ስባርክ በረዶ ይቆማል አልኩ? አሁን ደግሞ እኔን ታቦት ልታደርጉኝ ነው? ሂዱና እጨዱ! ምንም አትሆኑም!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማጭዳቸውን ይዘዋል፣ ሰማዩን ያያሉ፣ እሳቸውን ያያሉ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ ከበታች መጣ።

«አባ፣ ይፍቱን ብቻ» አለ ደምሴ። «አለቃም ገብሳቸውን ሊያነሡ ነው፤ ሲፈቱላችሁ ንገሩኝ ብለው ልከዋል።»

«አለቃ በላይነህ?»

«አዎን።»

ቄስ ይሻው መጀመሪያ ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፋቸው ወጣ። ቀጥሎ ጮኹ፤ ስለ ፈሪሳውያን፣ ስለ ገላትያ፣ ስለ ሰሊሆም፣ ሰው መጽሐፍ እያለው በጭፍን ስለመሄዱ ብዙ ተናገሩ። ሰዎቹ በአክብሮት ሰሟቸው። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ አለችና «ዝናቡ ሳይደርስ ምን አለ ቢፈቷቸው?» አለቻቸው።

መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ!» አሉ፤ ሲሉት ስድብ ይመስል ነበር። ሰዎቹ «አሜን» ብለው ቁልቁል ሮጡ።

«ሰሙዎት እኮ» አለች ጥሩወርቅ፤ «ምን ያስቆጣዎታል?»

«አልሰሙኝም» አሉ ቄስ ይሻው። «ከአለቃ ግዝት ወጥተው የእኔ መስቀል ሥር ገቡ እንጂ ማን ሰማኝ?» ተነሥተው ጋቢያቸውን ወረወሩና ማጭዳቸውን ከግድግዳው ላይ አወረዱ። የእሳቸውም ስንዴ ገና አልታጨደም ነበር።